መስኮቱ ላይ የተቀመጠው መጽሐፍ

ደረጃ ልታጥብ የመጣችው ሴት ባልዲዋን ጥላ ስትሮጥ፣ ሶዶ መናኸሪያ አካባቢ የቆሙ ሰዎች ሌባ የምታባርር መስሏቸው ተከተሏት። ቆይተው ነው አፏን በእጇ ይዛ ወደ ሕንፃው ጀርባ እንደምትጠቁም ያስተዋሉት። በሲሚንቶው ደረጃ ግርጌ ቪዲዮ ቀራጺው ኤርካሎ በጀርባው ተንጋሏል። ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ሰውየው ግን ከአርብ ምሽት ጀምሮ እዚያው ነው።

ኢንስፔክተር ሐመልማል ሥራዋን የምትጀምረው በዝምታ ነው። ሶዶ ተወልዳ ያደገች፣ አያቷ ከሰሜን በሹመት መጥተው በዚያው የቀሩ፣ አርባ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ከሬሳው አጠገብ ተንበርክካ በልቧ «ነፍስህን ይማር» አለችና ዙሪያዋን ታይ ጀመር።

አርብ ከሰዓት የጣለው ዝናብ ደረጃውን በጭቃ ለውሶታል። የኤርካሎ ኮት ጭቃ በጭቃ ነው። መነጽሩ ደረጃው ላይ ተሰባብሯል። አንድ ጫማው ወልቆ ጭቃ ውስጥ ተደፍቷል። በብረት መደገፊያው ጥግ ላይ ደም አለ። ንጹሕ ሆኖ ያየችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከደረጃው ጎን ባለችው ትንሽ መስኮት ደፍ ላይ፣ ዚፕ ባለው ጥቁር የቆዳ ሽፋን ውስጥ ያለ፣ ማንገቻ የተሰፋለት መጽሐፍ ቅዱስ።

«ይሄስ?»

«የራሱ ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ ሳጅን ጦና። ጦና ኤርካሎን ያውቀዋል፤ ሰርጉን የቀረጸለት እሱ ነው። «ካለሱ አይቼው አላውቅም። ካሜራ ተሸክሞ እንኳ በጎኑ ያንጠለጥለዋል። ለባለቤቱ ልውሰድላት?»

«ውሰድላት።»

ጦና መጽሐፉን እንደሚገባው በሁለት እጁ አነሳ።

ፎቅ ላይ የኤርካሎ ስቱዲዮ በሩ ገርበብ ብሏል። ትልቁ ካሜራ በእግሩ ላይ ቆሟል፤ ማንም አልነካውም። የካሴቱ ክዳን ግን ተከፍቷል፤ ውስጡ ባዶ ነው። መደርደሪያው ላይ ካሴቶች ተበታትነዋል። ከካሜራው ጀርባ አንድ ቀጭን ገመድ ወርዶ፣ ጫፉ ምንም ሳይነካ ተንጠልጥሏል።

«ካሜራውን ትቶ ካሴት የሚሰርቅ ምን ዓይነት ሌባ ነው?» አለ ጦና።

«ምስል የፈለገ ሌባ ነው» አለች። «ይሄ ገመድ ግን ከምን ጋር ነበር የሚገናኘው?»

ጦና አላወቀም። የሚያውቀው የኤርካሎ የሥራ ባልደረባ ማቲ ነው። ደወሉለት።

«ማቲ፣ የት ነህ?»

«ቤሌ ነኝ፣ ሰርግ ልቀርጽ። ምነው፣ ምን ሆነ?»

ነገረችው። ከወዲያ በኩል የከበሮና የእልልታ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ከዚያ ስልኩን ሌላ ሰው ተቀበለ።

«የሙሽራው አባት ነኝ። ልጁን ምን ብላችሁት ነው መሬት የተቀመጠው?»

«ከትናንት ጀምሮ እዚያ ነበር?»

«የት ይሄዳል? ድንኳን ሲተከል፣ በሬ ሲጣል፣ እኔ ስላጭ ሳይቀር ሲቀርጸኝ ነበር። አሁንም ቶሎ መልሱልኝ፣ ሙሽራዋ ልትደርስ ነው።»

ማቲ ስልኩን ሲቀበል እያለቀሰ ነበር። ስለ ገመዱ ጠየቀችው።

«ሪከርደሩ ነዋ። ሃርድ ዲስክ ያለው መቅረጫ። ካሜራው በካሴት ሲቀርጽ፣ ያ ደግሞ ያንኑ ምስል በገመዱ ተቀብሎ በራሱ ዲስክ ይቀርጻል። ካሴት ሲያልቅ ካሜራው ይቆማል፤ ካሴት እስክንቀይር ዲስኩ አይቆምም። አሁን ሰው ሁሉ በሚሞሪ ነው የሚሠራው፤ ኤርካሎ ግን በሱ ነበር የሚምለው። የለም እንዴ?»

«የለም። ትልቅ ነው?»

«ኧረ በአንድ እጅ ነው የሚያዘው።»

እንግዲህ ካሴትም ዲስክም ተወስዷል ማለት ነው። ሐመልማል የተንጠለጠለውን ገመድ ደግማ አየችው።

ሲወርዱ፣ ከሕንፃው ጀርባ የሚያስገባው ጠባብ መንገድ አፍ ላይ አንዲት አሮጊት አቮካዶና የተጠበሰ በቆሎ ደርድረው ተቀምጠዋል። እማማ ሽታዬ ይባላሉ። ጦና ጠዋት ቃላቸውን ተቀብሏል።

«ና ልጄ፣ ዝናብ አይምታህ» አሉ ሐመልማልን፣ ወደ ሸራቸው ሥር እየጠቆሙ። ከኋላዋ የነበረው ፖሊስ ሳቁን ዋጠ። እማማ ሽታዬ ወደሱ ዞሩ፤ «አንቺ ደግሞ ምን ያስቅሻል?»

ሐመልማል ፈገግ ብላ አመሰገነቻቸውና አለፈች። ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበር። ጦና የጻፈው ቃል ላይ፣ አርብ ሊመሽ ሲል አንዲት ረጅም ሴት ብቻዋን ወደ ደረጃው ገብታ፣ ቆይታ፣ ሳሙና የመሰለ ነገር በእጇ ይዛ እንደወጣች ተመዝግቧል። ከሕንፃው ነጋዴዎችም አንድ ወሬ ተገኝቷል። ማክዳ የምትባል ረጅም ሴት ሐሙስ ዕለት ስቱዲዮ መጥታ ከኤርካሎ ጋር ስትጨቃጨቅ ሰምተዋታል። «ሳልወስደው አልሄድም» ብላ ነበር።

ከቀትር በፊት ማክዳ ጣቢያ ገባች። ጡት የሚጠባ ልጅ ታቅፋለች።

«ምኑን ነው ሳልወስደው አልሄድም ያልሽው?»

«ምስሉን።» ማክዳ አንገቷን ቀና አደረገች። «ባለቤቴ በእምነት ይባላል። የአይሱዙ ሹፌር ነው። ቢጠና መንገድ ላይ ከገበያ የሚመለሱ ሽማግሌ ገጭቶ ገድሏል ተብሎ ከታሰረ ሁለተኛ ወሩ ነው። እሱ አልነዳሁም ይላል።»

«ማን ነዳ ታዲያ?»

«አይናገርም። ለእኔም አይናገርም። ያን ቀን ግን በዚያ መንገድ ሰርግ አልፏል፤ የቀረጸው ኤርካሎ ነው። እስቲ ፈልግልኝ ብዬ ለመንኩት። ሐሙስ ስሄድ ፊቱ ተለዋውጧል። አግኝቼዋለሁ አለኝ።»

ሐመልማል ብዕሯን አስቀመጠች። «ምን አገኘሁ አለሽ?»

«የነዳውን ሰው። ስሙን ንገረኝ ብለው እምቢ። እስከ ሰኞ ታገሺኝ አለ። ሰውየው የማውቀው አማኝ ነው፣ በገዛ እግሩ ፖሊስ ጋ እንዲሄድ ዕድል ልስጠው፣ ካልሄደ እኔ እወስደዋለሁ አለኝ። እኔ ግን መታገስ ሰልችቶኛል፤ ጮህኩበት።» ልጁ ተነጫነጨ፤ አቅፋ አባበለችው። «ቆይ፣ ባሌን የሚያስፈታልኝን ሰው ለምን ብዬ ነው የምገድለው?»

ጥያቄው ተገቢ ነበር። ግን አርብ ሊመሽ ሲል ቤቷ ብቻዋን ነበረች፤ ካራስ ልጇ በቀር ምስክር የላትም። የጣቢያው አዛዥም አልተጠራጠረም። «ረጅም ሴት ተባለ፣ ረጅም ሴት ተገኘች። አልሰጥም ሲላት ገፈተረችው። ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት ትቅረብ» አለ።

የአይሱዙው ባለቤት አቶ ቦልቴ ነው፤ ቢጠና እህል የሚሰበስብ ነጋዴ፣ ለበእምነት ደግሞ ያሳደገው አጎቱ። ሐመልማል ስታገኘው ለኤርካሎ ቀብር ወንበርና ድንኳን እያስጫነ ነበር። ረጅም ነው፤ ሲያናግራት ባርኔጣውን አወለቀ።

«ያን ቀን የት ነበሩ?»

«ሽማግሌው የሞቱ ቀን? ቦምቤ፣ ጸሎት ላይ። በእምነትን ልጄ ነው የምለው፤ ቢያጠፋም አልጨክንበትም። ጠበቃ የቆምኩለት እኔ ነኝ።»

«ትናንት ምሽትስ?»

«ቢጠና በቆሎ ሳስጭን። ሠራተኞቼን ይጠይቁ።» ባርኔጣውን በእጁ አዞረ። «ኢንስፔክተር፣ ማክዳን እባካችሁ አታስጨንቋት። ሴት ልጅ በድንጋጤ የማታደርገው የለም። እግዚአብሔር ይርዳት።»

ተጠየቁ። ሠራተኞቹ ሁሉም ቢጠና ነበር አሉ፤ የሱ እንጀራ የሚበሉ ሰዎች ሌላ ምን ይላሉ? ደግሞስ የታየችው ሴት ናት።

ሐመልማል ወደ ጣቢያ ስትመለስ መናኸሪያው ጋ ባጃጁን አስቆመችው። ለምን እንዳስቆመችው ለራሷም ወዲያው አልገባትም። አንድ ነገር ጆሮዋ ውስጥ ቀርቷል። ከወረደች በኋላ ነው የመጣላት። *ና ልጄ፣ ዝናብ አይምታህ።*

ስልኳን አውጥታ ጦናን ጠራችው፤ ሲደርስ አብረው እማማ ሽታዬ ሸራ ሥር ገቡ።

«መጣህ?» አሉ አሮጊቷ። «ቁጭ በል።»

«እማማ፣ ያቺን አርብ ያዩዋትን ሰው እንደገና ይንገሩኝ። ግን በወላይትኛ።»

አሮጊቷ በጥርጣሬ አዩዋት። «አንተ መንግሥት ነህ። ለመንግሥት በአማርኛ ነው የሚነገረው።»

«ዛሬ መንግሥት በወላይትኛ ጠይቂ ብሎኛል።»

እማማ ሽታዬ ሳቁ። ከዚያ በእጃቸው መንገዱን እያሳዩ መናገር ጀመሩ፤ አማርኛው ሲለቃቸው አንደበታቸው ፈጠነ። ሐመልማል ቋንቋውን ከመናገር መስማቱ ይቀናታል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ በጎረቤት አጥር በኩል ስትሰማው ነው ያደገችው። አሮጊቷ «ዪስ» ሲሉ ጦና ራሱን በድንገት ቀና አደረገ። መጣ ማለት ነው። ሴት ብትሆን «ያሱ» ይሉ ነበር።

«ወንድ ነው» አለ ጦና።

«እና ምን አልኩሽ?» አሉት እማማ ሽታዬ በአማርኛ ተመልሰው። «እሷ መጣች፣ ወጣች፣ ወረደች አላልኩም?»

ጦና ፊቱ ቀላ። «እኔ ቤቴ በወላይትኛ ነው የማወራው፣ ኢንስፔክተር። እናቴም አማርኛዋ እንዲሁ ነው። ግን ቃል ስለሆነ እንዳሉት ጻፍኩት።»

ሰውየውን ያዩት ከጀርባው ነው። ረጅም፣ ባርኔጣ ያደረገ፤ ሁለት ሳሙና የሚያክል ነገር በእጁ ይዞ ወርዶ፣ አይሱዙ ውስጥ ገባ። በሶዶ ግን አይሱዙ ስንት ነው? ፊቱን አላዩትም።

አዛዡ ሲነገረው ራሱን ነቀነቀ። «ጠዋት ሴት፣ ከሰዓት ወንድ። ይህን ይዘሽ ዳኛ ፊት ትቆሚያለሽ? ሪከርደር የምትሉትን አምጪልኝ፤ የነዳው ሰው ይታይ፤ ያኔ ማክዳን እለቃለሁ። ካልሆነ ሰኞ ትቀርባለች።»

ቦልቴ ከሆነ ዲስኩን አርብ ምሽት ወስዶታል፤ ይኼን ጊዜ ተሰባብሮ ገደል ገብቷል። ማክዳ ልጇን ታቅፋ በጣቢያው ወለል ላይ ተቀምጣለች። ሐመልማል በዚያ በኩል ስታልፍ ቀና ብላ አየቻት።

እሑድ ከቀብር መልስ ለቅሶ ቤት ሄደች። ድንኳኑ ሞልቷል። ማቲ ከቤሌ የደረሰው ከቀብር በኋላ ነው፤ ዓይኑ አብጦ ከኋላ፣ ከሰው ጀርባ ተቀምጧል። ቦልቴ ወዲያ ወዲህ እያለ ለእንግዳ ውኃ ያቀርባል፤ አሮጊቶች ይመርቁታል። ፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ የኤርካሎ ፎቶግራፍ ቆሟል፤ ከፎቶው ሥር ያ ጥቁር መጽሐፍ ከነማንገቻው ተጋድሟል። በሬሳ ሳጥኑ ላይ ሆኖ እስከ መቃብር ሄዶ ተመልሷል። የሟች ስለሆነ ማንም አልከፈተውም።

ሰባኪው ተነሳና «ወንድማችን ራሱ ካሰመረባቸው ቃሎች እናንብብ» አለ። ፈጠነች የምትባለው የሟች ባለቤት ከጉያዋ መጽሐፍ አውጥታ ሰጠችው። ጠርዙ የተቀደደ፣ ከአገልግሎት ብዛት ያበጠ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። ሰባኪው ገለጠው፤ ገጹ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል።

ሐመልማል መጽሐፉን አየች። ጠረጴዛው ላይ ያለውን አየች። እንደገና መጽሐፉን አየች።

ንባቡ ሲያልቅ ፈጠነችን በቀስታ ወደ ጓዳ ወሰደቻት።

«እህቴ፣ ኤርካሎ ስንት መጽሐፍ ቅዱስ ነበረው?»

«ምን ማለትሽ ነው? አንድ ነው ያለው። እሱም ከራስጌው አይለይም።»

«ከቤት ይዞት አይወጣም?»

«እሑድ እሑድ ለጸሎት ብቻ።»

«ጠረጴዛው ላይ ያለውስ?»

ፈጠነች ግራ ተጋባች። «እናንተ ናችሁ ያመጣችሁልኝ። ስቱዲዮ የሚያነበው ሌላ ይኖረዋል ብዬ ነው እንጂ...»

ጦና መጽሐፉን አመጣ፤ ማቲም ተጠራ። ማቲ ሽፋኑን በጦና እጅ ሲያይ ከበሩ ላይ ቆመ።

«አገኛችሁት?»

«ምኑን?»

«ሪከርደሩን ነዋ። በዚህ ሽፋን ነው የሚይዘው። እኔ ራሴ ነኝ ማንገቻውን ያሰፋሁለት። ሰርግ ላይ ግርግር አለ፣ ዕቃ ይጠፋል፤ መጽሐፍ የሚሰርቅ ግን የለም ይል ነበር።» የሁሉንም ፊት አየ። «አልነገርኳችሁም እንዴ?»

ሐመልማል ዚፑን ሳበችው። በውስጡ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ትንሽ መስኮትና አዝራሮች ያሉት ግራጫ ሣጥን ተኝቷል። ፈጠነች እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከሬሳ ሳጥኑ ጋር አብሮ ሲለቀስለት፣ አብሮ ሲዘመርለት የዋለው ይህ ነበር።

ማቲ ከቦርሳው ኮምፒውተር አውጥቶ በገመድ አገናኘው። የሙሽራ አጀብ ታየ፤ ጥሩምባ፣ ጭፈራ፣ የቢጠና መንገድ አቧራ። «እዚህ ጋ ካሴት አልቆበታል» አለ ማቲ። «እየቀየረ ነው። ካሴቱ ላይ ይሄ የለም።» ካሜራው መንገድ ዳር ቆሞ ዝም ብሎ ያያል። ከአቧራው ውስጥ አንድ አይሱዙ ብቅ አለ። የግራ መብራቱ ተሰባብሯል፤ ፊቱ ተጨራምቷል። አጀቡ ሲዘጋበት ፍጥነቱን ቀነሰ። ከመሪው ኋላ ያለው ሰው ባርኔጣውን ወደ ግንባሩ ሳበ እንጂ ፊቱን መሸፈን አልቻለም። ጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነው።

ከድንኳኑ የቦልቴ ድምፅ ይሰማል። «ውኃ ያልደረሰው አለ?»

«ልያዘው?» አለ ጦና።

«ይሄ መንዳቱን ነው የሚያሳየው። ደረጃው ላይ የሆነውን አያሳይም። ጥራልኝና አንተ በሩ ጋ ቁም።»

ሣጥኑን ወደ ሽፋኑ መለሰች፣ ዚፑን ዘጋች፣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ቦልቴ እጁን በፎጣ እያደረቀ ገባ።

«ጠርተውኛል አሉኝ።»

«ይቀመጡ። ስለዚህ መጽሐፍ ነው።»

ሽፋኑን አየው። ፊቱ ላይ ምንም አልተለወጠም።

«ኤርካሎ ሲገፈተር ከትከሻው አምልጦ ጭቃው ላይ ወድቋል» አለች። «የገፈተረው ሰው ወደ ስቱዲዮው ሲወጣ ረገጠው፤ ሲወርድም ረገጠው። ለባለቤቱ አልነገርኳትም። ሰው መግደሉ አልበቃ ብሎ የእግዚአብሔርን ቃል በጫማው...»

«አልተረገጠም» አለ ቦልቴ።

«በምን ያውቃሉ?»

«ማለቴ፣ በዚህ አገር እንዲህ የሚያደርግ ሰው የለም።»

«ይኸኛው አድርጓል። ነገ ፍርድ ቤት ይነገራል። በየጸሎት ቤቱም ይሰማል።»

ቦልቴ ፎጣውን አጠፈ፣ ፈታ፣ እንደገና አጠፈ። ከድንኳኑ መዝሙር ተጀመረ።

«አልረገጠውም ስልሽ» አለ። «ጭቃውን በመሐረቡ ጠርጎ ነው ያስቀመጠው።»

ሐመልማል ቀና ብላ አየችው።

«በመሐረብ መጠረጉን እኔ አላውቅም ነበር፣ አቶ ቦልቴ። ንጹሕ መሆኑን ብቻ ነው ያየሁት። ረግጦታል ያልኩትም ውሸት ነው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።»

ከዚያ ዚፑን ሳበችው።

ቦልቴ ግራጫውን ሣጥን አተኩሮ አየው። ምን እንደሆነ ሲገባው ትከሻው ወረደ።

«ካሴቶቹን ወስጃለሁ እኮ» አለ።

«ካሴቶቹ ላይ እርስዎ የሉም።»

«እጄ ላይ ነበር።» መዳፉን ገልብጦ አየው። «መጽሐፍ መስሎኝ።»

«ሲያነሱት ኤርካሎ በሕይወት ነበር?»

ቦልቴ ፎጣውን ጉልበቱ ላይ አኖረ።

«ያቃስት ነበር።»

ጦና ከበሩ ገባ።

ሰኞ ጠዋት ማክዳ ልጇን አዝላ ከጣቢያው ወጣች። ወደ ቤቷ አልሄደችም፤ በእምነት ወዳለበት ማረሚያ ቤት የሚያወጣውን መንገድ ያዘች። የሱ መፈታት ገና ቀናት ይፈልጋል፤ ወሬውን ግን ከሌላ ሰው እንዲሰማ አልፈለገችም። ሐመልማል እስከ መናኸሪያው ሸኘቻትና ስትመለስ ከጦና ጋር በሸራው በኩል አለፈች።

«ና ልጄ» አሉ እማማ ሽታዬ። አንድ የበሰለ አቮካዶ መርጠው እጇ ላይ አኖሩላት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሷ ተያዘች?»

ጦና ሊያርማቸው አፉን ከፈተ። ሐመልማል በዓይኗ ከለከለችው።

«አዎ፣ እማማ» አለች። «ተያዘች።»